ከዋሻው ወዲህና ከዋሻው ወዲያ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተነገረ)



ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ሰዓት፥ እኛ በዚህ ዓመት ትምህርታችንን የምንፈጽም ተማሪዎች ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከልብ እናመሰግናለን። እንዲህ ባለው በዓል ላይ ተማሪ ሲቆም የተለመደው ስለ ትምህርት ጥቅም መናገር ነው። የትምህርትን ጥቅም ግን እዚህ የተቀመጡት ወላጆቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ባያውቁት ኖሮ ቆሎ ቆልተው፥ እንጨት ተሸክመው፥ ጥጃ ሸጠው ባላስተማሩን ነበር። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው ለእነርሱ ስለምናስተምረው ሳይሆን ከእነርሱ ስለ ተማርነው ነገር ነው።

ይኸውም አያቶቻችን በወጣትነታቸው ዘመን፥ ማለት በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመተ ምሕረት፥ በከተማችን በደብረ ሲናና ከሥሯ በተዘረጋው በይፋት ቆላ ስላዩአቸውና ስለኖሩባቸው ምልክቶች ነው።

በዚህ ዓመት በታሪክ ክፍለ ጊዜ አንድ ሥራ ተሰጥቶን ነበር። ሦስት ሦስት እየሆንን በየሰፈራችን ወዳሉት አረጋውያን ሄደን፥ «በወጣትነትዎ ጊዜ የከተማዋ ምልክት ምን ነበር?» ብለን መጠየቅ፥ መልሱንም በደብተር መጻፍ ነበር። ከእኛ መካከል ብዙዎቻችን ፊደል የቈጠርነው በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ያስተማሩን መምህር «የሰማችሁትን በዚያው ቀን ጻፉ፤ ያደረ ወሬ ግማሹ የራሳችሁ ነው» ይሉን ነበርና፥ ምክራቸውን ተከትለን ማታ ማታ በየቤታችን ስንጽፍ ሰነበትን።

የከተማ ምልክት ሲባል በመጽሐፍ የምናነበው ስለ ቤተ መንግሥት፥ ስለ ትልቅ ሐውልት ወይም ስለ ሰዓት ግንብ ነው። የእኛ ከተማ እንዲህ ባለው ነገር አልታወቀችም። አረጋውያኑ ግን ጥያቄያችንን ለመመለስ ጥቂት እንኳ አልተቸገሩም። አንዲት እማማ «ምልክትማ ዋሻው ነው፤ ሌላ ምን አለና!» አሉን። አንድ አባት «የአውቶቡሱ መቆሚያ» አሉ። ሌላው «ገበያው»፥ ሌላው ደግሞ «የሮቢ ድልድይ» አሉን። ከዚህም በላይ ያስገረመን ነገር አለ። አረጋውያኑ ዘመንን የሚቈጥሩት በእነዚሁ ምልክቶች ነው። «ልጅዎ መቼ ተወለደ?» ስንል «መንገዱ በታደሰ በሁለተኛው ዓመት» ይሉናል። «አባትዎ መቼ ሞቱ?» ስንል «የዲዲቲ ረጪዎች ወደ ሮቢት የወረዱ ጊዜ» ይሉናል። ስለዚህ ምልክት ማለት ለእነርሱ ቦታን ብቻ የሚያሳይ ሳይሆን የሕይወታቸው የቀን መቍጠሪያ ነው። ምልክቱ ሲጠፋ ቀኑም አብሮ ይጠፋል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ።

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው እስከ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል በደጋ ሜዳ ይሄዳል። ከዚያም አልፎ ነፋሱ ፊት በሚገርፍበት በጠፍጣፋው አገር ሲጓዝ ቆይቶ ጣርማ በር ይደርሳል። እዚያ ምድር በድንገት ያበቃል። ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከዚያ አፋፍ ላይ የቆመ ሰው ከእግሩ በታች ገደሉን፥ ከገደሉ በታች ደብረ ሲናን፥ ከደብረ ሲና በታች አርማንያን፥ ከዚያም በጭጋግ የተሸፈነውን የይፋትን ቆላ ያያል። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው ከ1,300 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ላይ ነው። እንግዲህ መንገደኛው ሁለት ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ከካፖርት ወደ ሸማ፥ ከገብስ ወደ ማሽላ፥ ከብርድ ወደ ንዳድ ይወርዳል ማለት ነው። ደብረ ሲና በዚህ መሰላል መካከል የተቀመጠች እርከን ናት። የከተማችን ታሪክ ሁሉ ከዚህ አቀማመጧ የመጣ ነው።

ብዙ ሰው ከጣሊያን ወረራ በፊት በዚህ በኩል የመኪና መንገድ ያልነበረ ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጦር ግንባር ሲሄዱ እስከ ደሴ የተጓዙት በኦቶሞቢል ነው። መንገዱ ግን ጠባብና ጥርጊያ ብቻ ነበር። በሚያዝያ 1928 ደግሞ የማርሻል ባዶሊዮ የሞተር ጦር ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሠግሥ ጣርማ በር ላይ መንገዱ በእኛ ሰዎች ተንዶ አገኘው። እስኪጠግነውም ድረስ ለመቆም ተገደደ። አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ያ ገደል አገሩን ፈጽሞ ለማዳን ባይችልም ጠላትን በሩ ላይ አስቁሞ ነበር ብለው አንድ አባት ሲነግሩን ፊታቸው ላይ የነበረውን ኩራት በቃል ለመግለጽ ያስቸግራል።

ከዚያ በኋላ ጠላት ለጦሩና ለስንቁ እንዲመቸው ከአስመራ እስከ አዲስ አበባ የሚደርሰውን መንገድ ሲያሠራ፥ የጣርማ በርን ተራራ አስበስቶ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ዋሻ አስወጣ። ዋሻውንም በመሪው በሙሶሊኒ ስም ጠራው። ድንጋዩን የፈለጡት የጣሊያን ሠራተኞችና የአገራችን ቀን ሠራተኞች ነበሩ። ያስቈፈረው ሰው ስም በዓለም ካርታ ላይ ሲጻፍ፥ አካፋና ዶማ የያዙት ሰዎች ስም ግን የትም አልተጻፈም። አያቶቻችን ከአባቶቻቸው እንደ ሰሙት፥ የብርዱ ነገር ከሥራው ይልቅ የከፋ ነበር።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ነጻነት ሲመለስ ዋሻው ለአገሩ ቀረ። ወደ ደሴ የዘመተው ጦር በዚሁ መንገድ አልፎ ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ደሴን ያዘ። መንገዱ ለድል አድራጊውም ለተሸናፊውም አላዳላም። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ደግሞ፥ በተለይም የአውራ ጎዳና ባለ ሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ተቋቁሞ መንገዶችን መጠገንና ማሠራት ከጀመረ ወዲህ፥ የካሚዮኑና የአውቶቡሱ ቍጥር እየበዛ ሄደ። የአረጋውያኑ የራሳቸው ትዝታ የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

በወጣትነታቸው የካሚዮን ረዳት የነበሩ አንድ አባት ስለ ዋሻው የነገሩንን እነሆ። በክረምት ጉሙ ሲወርድ ሾፌሩ የመኪናውን አፍንጫ እንኳ አያይም ነበር። ያን ጊዜ ረዳቱ ወርዶ፥ ነጠላውን በትከሻው ላይ ዘርግቶ፥ ከመኪናው ፊት ፊት በእግሩ ይሄዳል። ሾፌሩ የሚከተለው መንገዱን ሳይሆን ያንን ነጭ ነጠላ ነው። ዋሻው አፍ ሲደርሱ ክላክስ ተነፍቶ ከወዲያ በኩል የሚመጣ እንዳለ ይደመጣል። ውስጡ ጨለማ ነው፤ ከጣራው ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። አውቶቡስ ሲሆን ሕፃናት ያለቅሳሉ፥ እናቶች ያማትባሉ፥ ሾፌሩም «አይዟችሁ፥ ብርሃኑ ታየ!» ይላል። ዋሻው አልቆ ብርሃን ሲወጣ ሁሉም ሰው ባንድ ላይ ይተነፍሳል። ከዚያ ቍልቍለቱ ይጀምራል። በቍልቍለቱ ላይ መኪና የቆመ እንደ ሆነ ታኮ ይዞ የሚዘለው ረዳቱ ነው። «እኛ የምንኖረው በሾፌሩ ፍሬን፥ ሾፌሩም የሚኖረው በእኛ ታኮ ነበር» አሉን። ጋን በጠጠር ይደገፋል የተባለው ለካ ለዚህ ነው።

እኒህ አባት ስለ ጭላዳዎቹም ነግረውናል። በገደሉ አፍ ላይ እንደ ሽማግሌ ተሰብስበው ፀሐይ ሲሞቁ መኪናውን አይተው አይሸሹም ነበር። ዛሬም አይሸሹም። ከከተማችን ወጣ ብሎ ያለው የወፍ ዋሻ ደንም ከነጥዱ፥ ከነዝግባውና ከነኮሶው አለ። ጊዜ ያልለወጠው ምልክት ቢኖር ይህ ነው።

ስለ ዋሻው ስንጽፍ በክፍላችን ክርክር ተነሣ። ገሚሶቻችን «በጠላት መሪ ስም መጥራታችን ያሳፍራልና ይህ ስም ከአፋችን ይጥፋ» አልን። ገሚሶቻችን ደግሞ «ስሙ ከጠፋ ያደረገውም ይረሳል» አልን። ክርክራችንን ለአንድ ሽማግሌ ብንነግራቸው እንዲህ ብለው መለሱልን፤ «እናንተ የምታውቁት አንድ ዋሻ ነው። ሌላውን ዋሻ ማን ነገራችሁ?»

ሌላው ዋሻ በዚሁ በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባለው ስፍራ የሚገኘው አመጸኛ ዋሻ ነው። ይህን ሰው አልቈፈረውም፤ የተፈጥሮ ዋሻ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በራስ አበበ አረጋይ ሥር ይዋጉ የነበሩ አርበኞች ከነቤተ ሰቦቻቸው በዚያ ተጠልለው ሳሉ፥ የጣሊያን ጦር ከብቦ በመርዝ ጋዝ አጠቃቸው። እጃቸውን የሰጡትንም በጥይት ረሸናቸው። የሞቱት በመቶ የሚቈጠሩ ናቸው፤ ሴቶችና ሕፃናትም ይገኙባቸዋል። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የተባለ የጣሊያን ታሪክ ተመራማሪ ዋሻውን በ1998 ዓ.ም. አግኝቶ ለዓለም እስኪያስታውቅ ድረስ፥ ነገሩ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ ፈጽሞ ተረስቶ ነበር። በመካከሉ 67 ዓመት አለፈ። የአካባቢው ሕዝብ ግን አልረሳውም፤ ለልጅ ልጆቹ ሲነግረው ኖሯል።

እነዚህን ሁለት ዋሻዎች ጎን ለጎን አድርገን ስናያቸው ነገሩ ገባን። አንደኛውን በየቀኑ ብዙ መንገደኛ ያልፍበታል፤ ስሙም በዓለም ካርታ ላይ ተጽፎ ነበር። ሁለተኛው የነበረው በሕዝብ አፍ ብቻ ነው። ሁለቱም የአንድ ዘመን ሥራ ናቸው። ስለ መንገዱ ሲነገር «ጣሊያን ሠራልን» የሚል ሰው አለ። እንዲህ የሚል ሰው ስለ አንደኛው ዋሻ አውቆ ስለ ሁለተኛው ያልሰማ ነው። ስለዚህ በክፍላችን የደረስንበት ስምምነት ይህ ነው። ቦታውን በገዛ ስሙ ጣርማ በር ብለን እንጠራዋለን፤ ማን እንዳስቈፈረው፥ ለምን እንዳስቈፈረው፥ እነማንም እንደ ቈፈሩት ደግሞ በመጽሐፍ እንጽፈዋለን። ስም የአገሩ ይሁን፤ ታሪኩም ሳይቀነስ ይጻፍ።

ሁለተኛው ምልክት የአውቶቡሱ መቆሚያና ቆሎው ነው። ከአዲስ አበባ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ዋሻውንና ቍልቍለቱን ያለፈ መንገደኛ ደብረ ሲና ሲደርስ እግሩን ማፍታታት፥ ሻይ መጠጣት፥ ከሁሉም በላይ ቆሎ መግዛት ይፈልጋል። የደብረ ሲና ቆሎ በዚህ መንገድ በሚመላለስ ሰው ሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ወደ ወሎ የሚሄድ ለዘመዱ ይዞ ይሄዳል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመለስም ሳይገዛ አያልፍም።

በወጣትነታቸው ቆሎ ይሸጡ የነበሩ አንዲት እማማ ሥራውን እንዲህ ሲሉ አስረዱን። ገብሱ ከደጋው ይመጣል። ታጥቦና ተለቅሞ በምጣድ ይታመሳል፤ በሙቀጫ ተፈትጎ ገለባው ይለቃል፤ በሰፌድ ይነፋል፤ ከዚያም እንደ ገና ይቈላል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ከዶሮ ጩኸት በፊት ነው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው መኪና ሲደርስ ቆሎው ትኵስ መሆን አለበት። የመኪናውን ድምፅ ከሩቅ ለይተው ያውቁ ነበር። «ኤንትሬው ሲያጓራ ይታወቃል፤ አውቶቡሱ ግን እንደ በሬ ይተነፍሳል» አሉን። ድምፁን የሰማች ልጅ ሰፌዷን በራሷ ላይ አድርጋ ትሮጣለች። በመስኮት በኩል ቆሎ በጣሳ ተሰፍሮ ይሰጣል፤ ሳንቲም ይጣላል። ስሙኒ የሰጠ መንገደኛ ጌታ ነው፤ ሽልንግ የሰጠ ደግሞ የሚመረቅ ነው።

እኒህ እማማ ፊደል አልቈጠሩም። ይሁን እንጂ ልጆቻቸውን ያስተማሩት በዚያ ሳንቲም ነው። «እኔ መንገዱ ላይ የቆምኩት ልጄ በመንገዱ እንዲሄድ ነው» አሉን። ይህን ቃል በደብተራችን ስንጽፍ እጃችን ተንቀጠቀጠ። እስከ ዛሬ ድረስ በየመኪናው መስኮት ቆሎ የሚሸጡ እናቶች አሉን፤ ከእኛም መካከል በዚህ ገንዘብ የተማርን አለን። መንገደኛ ደብረ ሲናን የሚያስባት በቆሎዋ ነው። የቆሎዋን ባለቤት ግን ስሟን ጠይቆ አያውቅም። ስለዚህ ከከተማችን ምልክቶች ሁሉ ሰው የሆነው ምልክት ይህ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ሦስተኛው ምልክት ገበያው ነው። ገበያችን የደጋና የቆላ መገናኛ ነው። አረጋውያኑ እንደ ነገሩን፥ በዚያ ዘመን ከመንዝ በኩል የበግ ጠጕር ባናና ዝተት፥ ገብስ፥ ባቄላና ቅቤ ይመጣ ነበር። ከይፋት ቆላ ማሽላ፥ ጥጥ፥ በርበሬና ማሾ ይመጣል። አርጎባዎች በንግዳቸውና በሸማ ሥራቸው የታወቁ ናቸውና ጥበብ ያለበት ሸማ ሲፈለግ ወደ እነርሱ ይኬዳል። ግመል ቆላውን እንጂ ዳገቱን አይወድም፤ ስለዚህ ጭነቱ ከግመል ወደ አህያና በቅሎ ይዛወር ነበር። አንድ አባት ሲናገሩ «በገበያው ቀን የሰዉ ልብስ ብቻ ታይቶ ከስንት ሺህ ሜትር ከፍታ እንደ መጣ ይታወቅ ነበር» አሉ። የደጋው ሰው በርኖሱን ደርቦ ይመጣል፤ የቆላው ሰው ሽርጡን አገልድሞ ይመጣል። ሁለቱ የሚገናኙት እኛ ዘንድ ነው።

ይህም የትናንት ነገር አይደለም። ይፋት ከ13ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የወላስማ ሡልጣኖች የነገሡበት፥ ከባሕር ጠረፍ ወደ ደጋ የሚወጣው ንግድ የሚያልፍበት አገር ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመትም ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበር ሳሉ በአልዩ አምባ ገበያ የቆላው ነጋዴና የደጋው ገበሬ ይገናኙ ነበር። እንግዲህ አያቶቻችን ያዩት ገበያ የዚያ የረዥም ሰንሰለት አንድ ቀለበት ነው። በዚህ ገበያ ክርስቲያኑና እስላሙ፥ አማራው፥ አርጎባው፥ ኦሮሞውና አፋሩ በአንድ ሚዛን ሲገበያዩ ኖረዋል። ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ደም የፈሰሰበትን ጊዜ ያየን እኛ ልጆች ይህን ስንሰማ ከታሪክነቱ ይልቅ ተስፋነቱ ይበልጥብናል።

አራተኛው ምልክት ሮቢት ነው። ለደጋው ሰው ሮቢት የሀብትም የሞትም አገር ነበረች። መሬቱ ለም ነው፤ ውኃ አለ፤ ጥጡም ትምባሆውም ይበቅላል። ነገር ግን ንዳድ አለ። ሥራ ፍለጋ የወረደ ወጣት በመከር ጊዜ ደኅና ቢሠራ ገንዘብ ይዞ ይወጣል፤ ባይሆንለት በቃሬዛ ይወጣል። ስለዚህ የዱሮ ሰዎች ቀን በቆላ ውለው ማታ ዳገቱን ወጥተው ለማደር ይጣጣሩ ነበር። በ1950 ዓ.ም. መጨረሻና በ1951 መጀመሪያ በአገራችን የወረደው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደ ገደለ ይገመታል። የወባ ማጥፊያ ድርጅት የተቋቋመው ከዚያ በኋላ በ1951 ዓ.ም. ነው። ዲዲቲ የሚረጩት ሠራተኞች በጀርባቸው መርጫ ተሸክመው ቤት ለቤት ሲሄዱ፥ መጀመሪያ ሰዉ «ይህ ምን ዓይነት ጠበል ነው?» እያለ ይስቅ ነበር አሉን። በኋላ ግን በረጩበት ዓመት የለቅሶ ቤት ሲያንስ ሣቁ ወደ ምርቃት ተለወጠ። ከላይ የጠቀስነው «የዲዲቲ ረጪዎች የወረዱ ጊዜ» የሚለው አቈጣጠር የመጣው ከዚህ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ከዋሻው ወዲህ ስላለው ነው። አሁን ጥቂት ከዋሻው ወዲያ እንለፍ፤ ምክንያቱም ለአያቶቻችን መንገዱ የሚያደርሰው አዲስ አበባ ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባን ያየ ሰው ለመንደሩ እንደ ጋዜጣ ነበር። ተመልሶ ሲመጣ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቡና ይፈላል፤ እርሱም ያየውን ይተርካል። አንዱ ስለ አራት ኪሎ ሐውልት፥ አንዱ በ1948 ዓ.ም. ስለ ተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር ስለሚባለው አዳራሽ፥ በደጁም ስላለው ትልቅ የድንጋይ አንበሳ ይናገር ነበር።

ከሁሉ ይልቅ አረጋውያኑ ደጋግመው ያነሡልን ሁለት ሐውልቶችን ነው። አንደኛው በስድስት ኪሎ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ለተገደሉት ሰማዕታት የቆመው ነው። ሁለተኛው የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት ነው። ይህ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በዘውዱ በዓል ጊዜ ተመርቆ ነበር። ጠላት በወረራው ዘመን ከቦታው አንሥቶ ደበቀው፤ ከነጻነት በኋላ ግን ተመልሶ ቆመ። አንዲት እማማ እንዳሉን «ጠላት ሐውልቱን የደበቀው ነሐሱን ፈርቶ አይደለም፤ የሚያየው ሰው የሚያስበውን ፈርቶ ነው።» ምልክት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ቃል ከየትኛውም መጽሐፍ አላገኘንም።

ክቡራንና ክቡራት፤ ይህን ሁሉ የምንናገረው ያለፈውን ዘመን ለማወደስ ብቻ አይደለም። በዚያ ዘመን ረኃብም፥ ንዳድም፥ ጭቆናም ነበር። አያቶቻችንም አልሸሸጉንም። የምንናገረው ጊዜው እያለቀ ስለ ሆነ ነው። በ1945 ዓ.ም. አሥራ አምስት ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ሰማንያን አልፏል። ምልክቶቹም አይጸኑም። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በከተማችን አካባቢ ይዛባ በተባለው ስፍራና በዙሪያው ምድር ተንዶ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ አፈናቅሏል፤ ቤቱም፥ ማሳውም፥ አያት የተከሉት ዛፍም አብረው ሄዱ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ደርሶ፥ ያን ጊዜ ገና ልጆች የነበርን እኛ በዚያው መንገድ በእግራችን የሸሸን አለን። አያቶቻችን ስለ 1928 ሲነግሩን የሰማነው መንገድና እኛ የሸሸንበት መንገድ አንድ ነው። ያን ጊዜ የተረዳነው ነገር ቢኖር ቤት ሊቃጠል፥ ምድርም ሊናድ ይችላል፤ የተጻፈና በብዙ እጅ ያለ ነገር ግን በቀላሉ አይጠፋም።

አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይላሉ። ስለዚህ ከመሰናበታችን በፊት ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፥ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት «የአረጋውያን ቃል» የሚባል መዝገብ ይከፈት። ከእንግዲህ ትምህርቱን የሚፈጽም እያንዳንዱ ተማሪ፥ ከመሄዱ በፊት የአንድ ሽማግሌ ወይም የአንዲት አሮጊት ትዝታ በፈቃዳቸው ጽፎ ያኑርበት። እኛ እስካሁን የጻፍናቸውን ደብተሮች ዛሬ ለመጀመሪያ ገጽ እንዲሆኑ እናስረክባለን።

ሁለተኛ፥ ወላጆቻችን ሆይ፥ ልጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ «ይህ ምን ያደርግልሃል?» አትበሉን። እናንተ ተራ ነገር የሚመስላችሁ፥ ማለት የቆሎው ዋጋ፥ የሾፌሩ ቀልድ፥ የገበያው ጠብና ዕርቅ፥ ለእኛ ከመጽሐፍ የማይገኝ ትምህርት ነው።

ሦስተኛ፥ ታናናሾቻችን ሆይ፥ በዋሻው ስታልፉ ክላክሱንና ጨለማውን ብቻ አታስቡ። ከመኪናው ፊት ነጠላውን ዘርግቶ በጉም ውስጥ ይሄድ የነበረውን ረዳት አስቡ። ድንጋዩን የፈለጡትን ስመ ብዙዎቹን ግን ስም የለሾቹን አስቡ። በሌላው ዋሻ የቀሩትንም አስቡ። ቆሎ ስትገዙ ደግሞ የሻጯን ስም ጠይቁ።

እኛ ነገ ከዋሻው ወዲያ እንሄዳለን። አንዳንዶቻችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዶቻችን ወደ ሥራ እንበተናለን። የትም ብንሆን «አገርህ የት ነው?» ለሚለን ሰው የምንመልሰው አሁን ረዥም ሆኗል። ላስተማራችሁን መምህራን፥ ላሳደጋችሁን ወላጆች፥ ደጃችሁን ከፍታችሁ ትዝታችሁን ላካፈላችሁን አረጋውያን ምስጋናችንን እናቀርባለን። ትምህርት ቤታችን ብዙ እንዲህ ያለ በዓል ለማክበር ያብቃው።